መንግሥትና ኩባንያ፥ በጎ አድራጊም ተባብረው የወንዝ ዳር ዕውርነትን ስለ ተከላከሉበት ሥራ

አፈሩ ለም፥ ውሃውም ብዙ ቢኾን፥ የገበሬው ዓይን ከጠፋ እርሻው ጦም ያድራል። ይህም በምዕራብ አፍሪካ በቮልታ ወንዞች ሸለቆ በግልጽ ታይቷል።

በፈጣን ወንዝ ዳር የምትራባ አንዲት ትንሽ ጥቁር ዝንብ አለች። ሰውን ስትነክስ የትል ዘር ታስገባበታለች፤ ትሉም በቆዳ ሥር እየተራባ ብርቱ እከክ ያመጣል፤ ዘሩ ወደ ዓይን የደረሰ እንደ ኾነም ያሳውራል። ስለዚህ ሕዝቡ መልካሙን መሬት ለዝንብ ትቶ ወደ ጭንጫው ሸሸ። በየመንደሩም ሕፃናት ዕውሮችን ሽማግሌዎች በበትር ሲመሩ ይታዩ ነበር።

በ1974 ዓመት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) ሰባት መንግሥታት ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዓለም ባንክ፥ ከሌሎችም ጋራ ኾነው ሥራ ዠመሩ። የዝንቡን ዕጭ የሚገድል መድኃኒት በየሳምንቱ ከአውሮፕላን በወንዞቹ ላይ ተረጨ። ዝንቡ እጅግ ቀነሰ፤ ነገር ግን ትሉ በሰው አካል ከ10 እስከ 15 ዓመት ስለሚኖር፥ ለሰውም የሚሰጥ መድኃኒት አስፈለገ።

ይህ መድኃኒት የተገኘው ከከብት ሕክምና ነው። ሳቶሺ ኦሙራ ከጃፓን አፈር ከለቀሙት ረቂቅ ተሐዋሲ፥ የመርክ ኩባንያ ሊቅ ዊልያም ካምቤል ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋራ አይቨርሜክቲን የተባለውን የከብት ትል መድኃኒት አስገኙ። ሁለቱም በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ኾኑ። መድኃኒቱ ለሰውም እንዲጠቅም ከታወቀ በኋላ፥ በሽተኞቹ ለመግዛት አቅም ስላልነበራቸው፥ ኩባንያው በ1987 ሕመሙ እስኪጠፋ ድረስ ያለ ዋጋ እንደሚሰጥ አስታወቀ።

ይሁን እንጂ በመጋዘን የተከመረ መድኃኒት ማንንም አያድንም። እንደ ካርተር ማእከልና እንደ ላየንስ ክለብ ያሉ የበጎ አድራጎት ማኅበሮች ገንዘብና አሠልጣኝ ሰጡ፤ መንግሥታትም የጤና ሠራተኞቻቸውን አሰማሩ። እያንዳንዱ መንደር የሚያድለውን ሰው ራሱ መረጠ፤ ሚዛን ስለሌለም መጠኑ ምልክት በተደረገበት ዘንግ በቁመት ተለካ።

በ2002 የመዠመሪያው ሥራ ሲፈጸም 25 ሚሊዮን ሄክታር ያኽል መሬት እንደ ገና ለእርሻ ተመቸ። በ2025 ኒጀር ከአፍሪካ አገሮች ቀድማ ከዚህ በሽታ ነጻ መኾኗ ተረጋገጠ። በሴራሊዮን ግን ጦርነት ሥራውን አቋርጦት ነበር።

በኢትዮጵያም በሽታው በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ወንዞች ዳር ይገኛል፤ በመተማ በኩል ደግሞ ከሱዳን ጋራ የሚያዋስን ስለ ኾነ፥ አንዱ ወገን ብቻውን ቢደክም አይበቃም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው።

1ኛ፤ መንግሥት ሥልጣንና ሠራተኛ፥ ኩባንያ መድኃኒት፥ በጎ አድራጊ ገንዘብና ትጋት አላቸው፤ አንዱ የሌላውን ሊተካ አይችልም።

2ኛ፤ መድኃኒቱ የትሉን ልጆች እንጂ ትልቁን ትል ስለማይገድል፥ ዕደላው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሳይቋረጥ ለብዙ ዓመት ይቀጥል። በሽታው የቀነሰ ሲመስል የሚሰንፍ ሹም የቀደመውን ድካም ከንቱ ያደርገዋል።

3ኛ፤ ሕዝቡ ወደ ተወው መሬት ሲመለስ የይዞታው ድንበር አስቀድሞ ይታወቅ። ዝንቡ ከሄደ በኋላ ጠብ ቢተካ፥ መሬቱ ዳግመኛ ጦም ያድራልና።