«ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?» ስለ ወታደር ሞራል፣ ድካምና ውሳኔ

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። በዋናነት የሚመለከተው ወታደሮችንና የወታደር ቤተሰቦችን ነው። ግን ፖሊስም ሁኑ ነርስ፣ ሌሊት የምትሠሩ ሁሉ ራሳችሁን የምታገኙበት ቦታ አይጠፋም።

ከተወሰኑ ወራት በፊት ተመላላሽ ክፍል ውስጥ አንድ ሃምሳ አለቃ መጣ። (እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።) ካርዱን ስገልጠው ሦስተኛ ጊዜው ነው። የፊተኞቹን ሁለት ጊዜ ያየሁትም እኔው ነኝ። «ጨጓራ» ብዬ ኦሜፕራዞል ጽፌ ሸኝቼዋለሁ። ወረፋው ረጅም ነበር፣ እሱም ብዙ አላወራ፣ በቃ አለቀ።

በሦስተኛው ቀን ግን ፊቱን አየሁትና «ሃምሳ አለቃ፣ እንቅልፍስ እንዴት ነው?» አልኩት።

ሳቀ። «እንቅልፍ የሲቪል ነው ዶክተር።»

ትንሽ ቆይቶ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገና «እውነቱን ልንገርዎት፤ ለጨጓራው አይደለም የመጣሁት» አለኝ። የአገልግሎት ጊዜው ሊያልቅ ጥቂት ወር ቀርቶታል። ልቀጥል ብሎ ይፈርም ወይስ ይሰናበት? አንዳንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ በቦርድ ወጥቶ መገላገል ያምረዋል። ለሚስቱ አልነገራትም። ለአለቃው እንዴት ይነገራል? «እርስዎ ምን ይሉኛል?» አለኝ።

እኔ ማንንም «ውትድርናህን ቀጥል» ወይም «ተው» የማለት ሥልጣን የለኝም። ስለ ማዕረግ እድገትም፣ ስለ ጡረታም ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሞልቷል። እኔ መመርመር የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህን ውሳኔ ሊወስን የተቀመጠው ሰውዬ ራሱ ጤነኛ ነው ወይ?

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። ኢንተርን እያለሁ ከአንድ ረጅም ዲውቲ ወጥቼ ሕክምናን ለመተው ወስኜ ነበር። ደብዳቤውን ሁሉ ጽፌያለሁ። የዶርም ጓደኛዬ አነበበውና «ጥሩ ጽፈሃል፣ መጀመሪያ ተኛ፣ ከዚያ እኔ ራሴ አስገባልሃለሁ» አለኝ። አሥራ አራት ሰዓት ተኛሁ። ደብዳቤው እስካሁን አለ፤ ስለ ሕክምና የጻፍኩት ቅሬታ አብዛኛው እውነት ነው። ውሳኔው ግን የእኔ አልነበረም፣ የእንቅልፍ እጦቴ ነበር።

እንቅልፍን እንደ ቅንጦት አትዩት። እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የሥራ ብቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይሆናል። ሃያ አራት ሰዓት ሲሞላው ወደ 0.10 በመቶ ያህል ይደርሳል። ዘብ ቆሞ ያደረ ወታደር ጠዋት ላይ ስለ ቀሪ ሕይወቱ ሲወስን ሰክሮ እንደ መፈረም ቁጠሩት።

እንቅልፍ ከተስተካከለ በኋላም የማይለቅ ነገር ካለ ግን መለየት ያስፈልጋል። በእኛ ሰፈር ሁሉም «ሞራሌ ወርዷል» ነው የሚባለው። በዚህ አንድ ቃል ውስጥ ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደብቀዋል።

አንደኛው የሥራ መታከት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች ምደባው ላይ ይህንን በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ ነው የመዘገበው፤ ጉልበት መሟጠጥ፣ ለሥራው መጥፎ ስሜት ማሳደር ወይም ከሥራው በልብ መራቅ፣ «ምንም እየሠራሁ አይደለም» ማለት። ሁለተኛው ድባቴ ነው፤ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ አብዛኛውን የቀን ክፍል፣ ሐዘን ወይም የነገር ሁሉ ጣዕም ማጣት፣ ከዚያ ጋር የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ራስን መውቀስ፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል። ሦስተኛው ከአስከፊ ነገር በኋላ የሚመጣው ነው፤ ያዩት ነገር በቅዠትም በቁምም እየተመለሰ ሲመጣ፣ እሱን የሚያስታውስን ቦታና ወሬ መሸሽ፣ ኮሽ ባለ ቁጥር መደንገጥ፣ ይህም ከወር በላይ ሲቆይ።

እኔ ለመለየት እንዲረዳኝ የምጠይቀው አንድ ቀላል ጥያቄ አለ፦ «ለፈቃድ ቤት ሲሄዱ ምን ይሆናሉ?» የታከተ ሰው ቤቱ ገብቶ ሁለት ሳምንት ሲቆይ ይመለሳል፤ ይበላል፣ ከልጁ ጋር ይጫወታል፣ ፈቃዱ ሊያልቅ ሲል ነው ሆዱ የሚረበሸው። ድባቴ ግን ሻንጣ ውስጥ ገብቶ አብሮ ይሄዳል። ሦስተኛው አንዳንዴ ቤት ውስጥ ጭራሽ ይብሳል፤ ካምፕ ውስጥ ሁሉም ንቁ ስለሆነ አይታወቅም፣ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ግን የጎረቤት ቆርቆሮ በተንኳኳ ቁጥር ሰውየው ከአልጋው ይዘላል። ይህ ጥያቄ ምርመራን አይተካም፣ ግን መንገድ ያሳያል።

ልዩነቱ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱም ለታከተ ሰው የቦታ ቅያሪ ወይም ስንብት በእርግጥ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። በድባቴ ውስጥ ያለ ሰው ግን ሥራውን ቢለቅ ድባቴው አይለቀውም፤ ደመወዙንና ጓዶቹን ብቻ ነው የሚያጣው። ያኔ «መልቀቄም አልረዳኝም» ይልና የባሰ ይወድቃል።

አራተኛ ነገርም አለ፣ በአጭሩ ልንካው። ሰው ትክክል አይደለም ብሎ የሚያምነውን ነገር ሲያደርግ፣ ሲያይ፣ ወይም በሚያምነው አለቃው ሲከዳ የሚደርስበት የሕሊና ቁስል። ጆናታን ሼይ የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም የቬትናም ዘማቾችን ሲያክም ነው በሰፊው የጻፈበት። ለዚህ ኪኒን የለውም። የሚያዳምጥ ሰው፣ ለሚያምን የንስሐ አባት ወይም ሼኽ፣ እንደሁኔታው ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ሞራል ልመለስ፤ ምክንያቱም ሁሉም ነገር በሽታ አይደለም። አንዳንዴ ሰውየው ጤነኛ ነው፣ የታመመው ቦታው ነው።

በ1966 ዓ.ም. ጥር ወር ነገሌ ቦረና የነበረው ጦር ያመፀው በምን ነበር? የወታደሮቹ የውሃ ጉድጓድ ተበላሸ፣ የመኮንኖቹን እንዳይጠቀሙ ተከለከሉ፣ ምግባቸውም የማይበላ ነበር። ንጉሡ ሁኔታውን እንዲያጣሩ የላኳቸውን ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እንደ ሐኪም ሳነበው የሚገርመኝ ነገሩ የተጀመረው በውሃ መሆኑ ነው። ደግሞ በውሃ ማጣት ብቻ አይደለም፤ ውሃው ከጎን እያለ መከልከሉ ነው።

ይህ «ከጎን» የሚለው ነገር ተጠንቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳሙኤል ስታውፈርና ባልደረቦቹ እጅግ ብዙ የአሜሪካ ወታደሮችን ጠይቀው ውጤቱን በ1949 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። በአየር ክፍሉ የማዕረግ እድገት በጣም ፈጣን ነበር፣ በወታደራዊ ፖሊስ ደግሞ ቀርፋፋ። በእድገት አሰጣጡ ይበልጥ የሚያማርሩት እነማን ሆኑ? የአየር ክፍሎቹ! ብዙ ጓደኛህ ሲያድግ አንተ ስትቀር ያንገበግባል፤ ማንም በማያድግበት ቦታ ግን መቅረት አይታወቅም። ስለዚህ «እድገት ዘለለኝ፣ ልውጣ» ለምትሉ፣ ንዴቱ እውነተኛ ነው። ግን ራሳችሁን የምታወዳድሩት ከማን ጋር እንደሆነ አንዴ እዩት።

ሌላው ጓድ ነው። ከዚያው ጦርነት በኋላ ሺልስና ጃኖዊትዝ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የጀርመን ጦር እየተሸነፈ እያለ ለምን አልተበታተነም ብለው ሲያጠኑ ዋናውን ምክንያት ከፖለቲካው ይልቅ በትንሿ ቡድን ውስጥ አገኙት። አብሮ የሚበላው፣ አብሮ የሚተኛው ሰው። ሃምሳ አለቃውም ሲያወራ ቆይቶ አንድ ነገር ጣል አደረገ፤ ለስድስት ዓመት አብሮት የነበረው ጓደኛው ወደ ሌላ ክፍል ከተዛወረ አራት ወር ሆኖታል። ጨጓራው የጀመረው መቼ ነው? «አራት ወር ይሆነዋል።»

እዚህ ላይ ያን ጥያቄ ጠየቅኩት። ብዙ ሰው፣ ሐኪምም ጭምር፣ ይፈራዋል። «ሃምሳ አለቃ፣ ራስዎን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብዎት ያውቃል?» መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ጭንቅላት ውስጥ አይተክልም፤ ይህ የታወቀ ነው። ብዙ ጊዜ ያቀልለታል እንጂ።

ዝም አለ። ከዚያ «መሣሪያ ሳጸዳ አንዳንዴ» አለ።

ሁለት ጊዜ በኦሜፕራዞል ሸኝቼዋለሁ። ይህን ሳስብ አሁንም ያመኛል።

የዚያን ቀን ስለ ፊርማውም ስለ ቦርዱም አላወራንም። ያወራነው ስለ መሣሪያው ነው። ከእጁ መራቅ ነበረበት፣ ያውም በዚያው ቀን። «አለቃዬ ካወቀ አበቃልኝ» አለ። ይህ ፍርሃት የእሱ ብቻ አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን በተመለሱ የአሜሪካ ወታደሮች ላይ በተሠራ ጥናት የአእምሮ ሕመም ምልክት ከታየባቸው መካከል እርዳታ የፈለጉት ከ23 እስከ 40 በመቶ ብቻ ነበሩ። «ደካማ ይሉኛል» የሚለው ስጋትም ይበልጥ የበረታው እርዳታው በሚያስፈልጋቸው ላይ ነበር። እኔም ግልጹን ነገርኩት፦ ምስጢርዎን እጠብቃለሁ፣ ሕይወትዎ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ብቻዬን አልይዘውም። ብዙ ተነጋገርን። መጨረሻ ላይ ወደ ተዛወረው ጓደኛው እኔው ፊት ስልክ ደወለ። ጓደኛውም እዚያው ክፍል ያለ የሚያምኑትን አንድ መቶ አለቃ ነገረን። መሣሪያው በዚያው ቀን ተረከበ፣ ብቻውን እንዳያድር ተደረገ፣ በማግሥቱ የአእምሮ ሐኪም አየው። ድባቴ ነበር። መድኃኒት ተጀመረለት።

ስለ መድኃኒቱ አንድ ነገር፦ የድባቴ መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ኪኒን አይደለም፣ ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። ብዙ ሰው በአሥረኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ ያቆመዋል። እባካችሁ ያለ ሐኪም አታቁሙት። ጠበል የምትጠመቁም ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ቀጥሉ፤ አይጣሉም። አረቄና ጫት ግን ይጣላሉ። አረቄ እንቅልፍ ያመጣ ይመስላል፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ደግሞ ቀስቅሶ ለሐሳብ ያስረክባችኋል። ደግሞም ሁሉንም ነገር ለአእምሮ ከመስጠታችን በፊት የደም ማነስ፣ የእንቅርት ችግር፣ ስኳር፣ ቲቢ ይታይ። በፍንዳታ አጠገብ የነበረና ራሱን የተመታ ሰው ይህንን ለሐኪሙ ይንገር፤ ብስጭትና የመርሳት ችግር ከዚያም ሊመጣ ይችላል።

ለሚስቶች፣ ለእናቶች፣ ለወንድሞች፦ «ወንድ አይደለህ እንዴ?» አትበሉት። «በቃ ነገውኑ ልቀቅ»ም አትበሉት፤ እሱም ግፊት ነው። እንቅልፉን ጠይቁት። ከመሞት ጋር የተያያዘ ወሬ ካወራ፣ ንብረቱን ማከፋፈል ወይም የስንብት የሚመስል ነገር መናገር ከጀመረ ብቻውን አትተዉት፣ መሣሪያና መርዛማ ነገር ከአጠገቡ አርቁ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ተቋም በዚያው ቀን ውሰዱት።

ውሳኔውስ? ሐኪሙ «አሁን ደህና ነህ» እስኪል ድረስ የሚዘገይ ከሆነ አዘግዩት። መዘግየት የማይችል ቀነ ገደብ ካለው ደግሞ ብቻችሁን አትወስኑ። ለሃምሳ አለቃው ያልኩት ይህን ነው፦ ደብተር ይያዙ፣ በደህና ቀን አንድ ጊዜ፣ በመጥፎ ቀን አንድ ጊዜ ለምን መልቀቅ እንደሚፈልጉ ይጻፉ። በሁለቱም ቀን የተጻፈው ምክንያት እውነተኛው ነው፤ በመጥፎው ቀን ብቻ የመጣው የሕመሙ ሊሆን ይችላል። ደግሞ «ከምን ነው የምሸሸው» እና «ወደ ምን ነው የምሄደው» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች መሆናቸውን አይርሱ። ሁለተኛው መልስ ከሌለው፣ ከካምፕ የወጣ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ጓዶቹን ሲናፍቅ ይከርማል። ደግሞስ መንገዱ ሁለት ብቻ ነው ያለው ማነው? የክፍል ዝውውር አለ፣ የሙያ ሥልጠና አለ፣ ያልተወሰደ ፈቃድ አለ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ፣ ከሚስቱ ጋር። ሁለት ኪሎ ጨምሯል። እሷ ደብተሩን ይዛለች፣ የመጥፎ ቀኖቹ ገጾች እየሳሱ መጥተዋል። ከመኪና ጥገና ጋር የተያያዘ ሙያ ነበረው፤ ወደ ወርክሾፕ ይዛወር እንደሆነ ጠይቆ መልስ እየጠበቀ ነው። የፊርማው ቀን ገና ነው። ምን እንደሚያደርግ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም።

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞር ብሎ «ዶክተር፣ ጨጓራው ግን እውነትም ያቃጥለኛል እኮ» አለ። የሰገራ ምርመራ አዘዝኩለት። ኤች ፓይሎሪ ፖዘቲቭ።