በየትኛው በር ይገባል? ሠራተኛን የማሳመን ትምህርት

አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት የሐረር ከተማ የጁገል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር። ከኤረር ሸለቆ ሸክም ይዛ የምትመጣ ሴት በኤረር በር ትገባለች እንጂ ግንቡን ዞራ ሸዋ በር አትሄድም። ሰውን ማሳመንም እንዲሁ ነው፤ ሐሳባችን በሰሚው በኩል ባለው በር መግባት አለበት።

አንድ ምሳሌ ይዘን ደረጃ በደረጃ እንሂድ። አንዲት የንብረት ክፍል ኃላፊ ችግር ገጥሟታል እንበል። ዕቃ በሞዴል 22 የወጪ ቅጽ ይወጣል፤ ቢን ካርዱ (የየዕቃው መቆጣጠሪያ ካርድ) ላይ የሚሰፍረው ግን ዓርብ ማታ ተጠራቅሞ ነው።

አንደኛ፣ ጥያቄውን በአንድ መስመር ጻፉ። «የሥራ ዲሲፕሊን ይሻሻል» ቢባል ሁሉም እሺ ይላል፤ የሚለወጥ ነገር ግን የለም። «ዛሬ የወጣ ዕቃ ዛሬውኑ ካርድ ላይ ይስፈር» ሲባል ግን ሁሉም የሚጠበቅበትን ያውቃል።

ሁለተኛ፣ የሰሚውን በር ፈልጉ። «ሪፖርቴ እየዘገየ ተቸገርኩ» የኃላፊዋ በር ነው። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ የሚፈራው ሌላ ነው፤ ቆጠራ ሲመጣ ጉድለቱ በስሙ እንዳይጻፍበት። ስለዚህ እንዲህ ትበል፦ «ጋሼ፣ ማክሰኞ የወጣውን ዓርብ ሲያስታውሱት አንዲት ቁጥር ብትሳሳት ዕዳው የሚመጣው እርስዎ ላይ ነው። በዚያው ቀን ከሰፈረ ግን ካርዱ ራሱ ይመሰክርልዎታል።» ጥያቄው አልተለወጠም፤ የተለወጠው በሩ ነው።

ሦስተኛ፣ ከስብሰባው በፊት ለየብቻ አነጋግሩ። በሐረሪ ባህላዊ ቤት ውስጥ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች አሉ፤ ሰው እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ይቀመጥባቸዋል። መሥሪያ ቤትም የማይታይ ነደባ አለው። ሌሎቹ ዓይኑን የሚያዩት አንጋፋ ሠራተኛ ነገሩን ከሁሉ እኩል ስብሰባ ላይ ቢሰማው፣ ሐሳቡ ቢገባውም ክብሩ ተነክቷልና ዝም ይላል። ቋንቋውንም አስቡ። የሐረሪ ክልል የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ናቸው፤ በከተማው አማርኛና ሶማሊኛም ይነገራሉ። ዋናዋን ዓረፍተ ነገር ሰሚው በቤቱ በሚናገረው ቋንቋ ብትነግሩት መተርጎም አያደክመውም።

አራተኛ፣ ተቃውሞውን ቀድማችሁ ራሳችሁ አንሱት። «ከሰዓት ወረፋ እንደሚበዛ አውቃለሁ። ስለዚህ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ወጪ አንቀበልም፤ ቀሪዋ ጊዜ የምዝገባ ናት።» ይህን የሰማ ሠራተኛ ኃላፊዋ ከሸክሙ ጥቂቱን እንደተካፈለችው ያያል።

አምስተኛ፣ ሙከራ ጠይቁ። «ሁለት ሳምንት እንሞክረው፤ ከዚያ ካርዱንና መደርደሪያውን አብረን እናመሳክር» በሉ። ውጤቱ ካላማረ ሐሳባችሁን አንሱ፤ ለማመን ዝግጁ ያልሆነ ኃላፊ ማሳመን አይችልም።

«ኃላፊ ነኝና ባዝስ?» የሚል አይጠፋም። አፎቻ በሚባለው የሐረር መረዳጃ ማኅበር የሰርግና የለቅሶ ጉዳይ የሚያስተባብር ሰው ደመወዝ የሚቆርጥበት ሥልጣን የለውም፤ ያለው ቃሉና ከበሬታው ነው። እናንተም ለአንድ ሳምንት ማኅተማችሁ ቢወሰድ ማን ይከተላችኋል?

የቤት ሥራ፦ ነገ የምትጠይቁትን አንድ ነገር በአንድ መስመር ጻፉ። ከሥሩ የሦስት ሠራተኞችን ስም አስፍሩ፤ በእያንዳንዱ ስም ፊት ያ ሰው የሚፈራውን ጻፉ። ባዶ የቀረ መስመር ካለ፣ ስብሰባውን አቆዩና ወደዚያ ሰው ጠረጴዛ ሂዱ።