የዓባይ ደለልና የአሽዶድ ሳርዲን

አንድ ቀድሞ ጎንደር ውስጥ የሥነ ሕይወት መምህር የነበሩ አዛውንት በእስራኤል አሽዶድ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው ከገበያ የመጣ ሳርዲን እያጸዱ ነው። የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ትጠይቃለች።

ልጅ፦ አባባ፣ ይህ ዓሣ ሳያድግ ነው እንዴ የተያዘው?

አያት፦ ያደገ ነው፣ የኔ ልጅ። ሳርዲኔላ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ቢደርስ ነው። እስቲ ቀረብ አድርገሽ እዪው። ስንጥቡን የሚሸፍነው ክዳን ጠርዝ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ፤ በጎኑም ፈዘዝ ያለ ወርቃማ መስመር ይታያል። መለያዎቹ እነዚህ ናቸው።

ልጅ፦ ለእኛ ለአይሁዶች ይፈቀዳል?

አያት፦ ኦሪት የምትጠይቀው ክንፍና ቅርፊት ነው፤ ሁለቱም አሉት። በአገራችን አምባዛን የማንበላው ቅርፊት ስለሌለው ነበር።

ልጅ፦ ይህን በምታህል አፍ ምን ይበላል?

አያት፦ ክዳኑን ግለጪው። እነዚህ እንደ ወንፊት የተደረደሩ ቀጫጭን ዘንጎች ይታዩሻል? ውሃው በአፉ ገብቶ በስንጥቡ ሲወጣ ፕላንክተን የሚባሉትን ጥቃቅን ፍጥረታት የሚያስቀሩለት እነሱ ናቸው። እሱን ደግሞ ትልልቆቹ ዓሦችና ዶልፊኖች ይበሉታል።

ልጅ፦ በመንጋ የሚሄደው ታዲያ እነሱን ፈርቶ ነው?

አያት፦ አዎ። ብዙ ዓይን አደጋን ቶሎ ያያል፤ አዳኙም ከሺህ አንዱን ለይቶ ማባረር ይቸግረዋል። መሪ ግን የላቸውም። እያንዳንዱ ጎረቤቱን በዓይኑ ይከታተላል፣ የውሃውን ንቅናቄም በገላው ይሰማል፤ አንዱ ሲዞር ሁሉም ይዞራል። ዓሣ አስጋሪዎች ግን ይህንኑ ጠባዩን ይጠቀሙበታል። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ባሕር ላይ መብራት ያበራሉ፤ መንጋው ወደ ብርሃኑ ሲሰበሰብ ዙሪያውን በመረብ ከበው ከታች ይቋጥሩታል።

ልጅ፦ እዚህ ባሕር ውስጥ ብዙ ነው ማለት ነው?

አያት፦ ይህ የሜዲትራኒያን ምሥራቃዊ ጫፍ በምግብ ረገድ ድሃ ነው። ውሃው እንዲህ ጠርቶ የሚታየው ፕላንክተን ስለሚያንሰው ነው። ድሮ የሚያጠግበው የእኛ አገር ክረምት ነበር።

ልጅ፦ የኢትዮጵያ ክረምት? እንዴት አድርጎ?

አያት፦ በናይል ጎርፍ ውስጥ ያለው ደለል አብዛኛው በዓባይና በተከዜ ከደጋው የወረደ ነው። ጎርፉ በክረምቱ ማብቂያ ባሕር ሲገባ ፕላንክተኑ ይፈላ፣ ሳርዲኑም በግብፅ ዳርቻ ይሰበሰብ ነበር። ከዚያ የባሕሩ ፍሰት ወደ ምሥራቅ፣ ቀጥሎም በዚህ በኩል ወደ ሰሜን ይሄዳል። የምትጫወቺበት የአሽዶድ አሸዋ ራሱ ናይል አምጥቶ ባሕሩ ያደረሰው ነው።

ልጅ፦ አሁንስ ለምን ቀረ?

አያት፦ እ.ኤ.አ. በ1964 የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ወንዙን ዘጋው፤ በ1970 ተጠናቀቀ። ደለሉ ከግድቡ ኋላ ቀረ። በ1962 የግብፅ አስጋሪዎች 18,000 ቶን ያህል ሳርዲን አውጥተው ነበር፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ ከ1,000 ቶን በታች ወረደ። ዓሣውን መረብ አልጨረሰውም፤ ምግቡ ነው የተቋረጠበት።

ልጅ፦ በዚያው ጠፍቶ ቀረ?

አያት፦ ከ1980ዎቹ ወዲህ በግብፅ በኩል ዓሣው አንሰራርቷል። ተመራማሪዎች ምክንያቱ ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና ከከተሞች የሚወጣው ፍሳሽ ነው ይላሉ።

ልጅ፦ እንግዲያው ችግሩ ተፈታ!

አያት፦ አልተፈታም። ፍሳሽ ከምግቡ ጋር መርዝና በሽታም ያመጣል፤ ሲበዛም የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ጎርፉ በወቅቱ መጥቶ በወቅቱ ይሄድ ነበር፤ ፍሳሽ ወቅት የለውም። ስለዚህ ስለ ማንኛውም ዓሣ ስትማሪ ምን እንደሚበላ ካወቅሽ በኋላ ምግቡ ከየት እንደሚመጣም ጠይቂ። የባሕር ዓሣን የሚጠብቅ ሰው ወንዙንና ከላይ ያለውን መሬት አብሮ መጠበቅ አለበት።