ሦስቱ መዘግየቶች፦ በወረርሽኝ ወቅት የእናቶችን ሞት መከላከል

ትምህርቱ የተዘጋጀው፦ በጤና ኬላ፣ በጤና ጣቢያና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ለሚያገለግሉ ባለሙያዎች

የትምህርቱ ዓላማ

ተሳታፊዎች ይህን ትምህርት ሲያጠናቅቁ፦
• የሦስቱን መዘግየቶች ምንነት ያስረዳሉ፤
• ኮቪድ-19 እያንዳንዱን መዘግየት እንዴት እንደሚያራዝም ይለያሉ፤
• በሥራ ቦታቸው ሊወሰዱ የሚገባቸውን እርምጃዎች ይወስናሉ።

መግቢያ

ወረርሽኝ በሚከሰትበት ጊዜ የጤና ተቋማት ትኩረት በአመዛኙ ወደ አዲሱ በሽታ ይዞራል። ምጥ ግን ወረርሽኙ እስኪያልፍ አይጠብቅም። ኢቦላ እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 በሴራሊዮን በተስፋፋበት ወቅት የቅድመ ወሊድ ክትትል፣ በጤና ተቋም መውለድና የድኅረ ወሊድ ክትትል ዝቅ ብሎ ነበር። ተመራማሪዎች እንዳሰሉት በዚሁ የአገልግሎት መቀነስ ምክንያት ብቻ፣ በዝቅተኛው ግምት፣ የእናቶች፣ የጨቅላ ሕፃናትና ሞተው የሚወለዱ ሕፃናት ሞት በ3,600 ያህል ጨምሯል። ይህ አኃዝ በአገሪቱ በራሱ በኢቦላ ከሞቱት ሰዎች ቁጥር ጋር ይቀራረባል። እነዚህን ነፍሶች የቀጠፈው ሕክምና አለመገኘቱ ወይም ዘግይቶ መገኘቱ ነው።

ከጥናት የተገኘ ትምህርት

መዘግየት በእናቶች ሞት ላይ ያለውን ድርሻ በጥልቀት ካጠኑት መካከል በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያገለገሉት ኤፒዲሚዮሎጂስት ዴቦራ ሜይን ተጠቃሽ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 ከሐኪሙ አለን ሮዘንፊልድ ጋር ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ የእናቶችና ሕፃናት ጤና ፕሮግራሞች በአብዛኛው በሕፃኑ ላይ ያተኮሩ መሆናቸውን አመልክተው የእናቲቱ ድርሻ ወዴት እንዳለ ጠየቁ።

ሜይን የወሊድ ችግር ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ሕክምና ካልተገኘ እስከ ሞት ያለውን አማካይ ጊዜም እንደሚከተለው አስቀምጠዋል፦

• ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ፦ 2 ሰዓት
• ከወሊድ በፊት የሚከሰት የደም መፍሰስ፦ 12 ሰዓት
• የማህፀን መተርተር፦ 1 ቀን
• ኤክላምፕሲያ፦ 2 ቀን
• የታገደ ምጥ፦ 3 ቀን
• ኢንፌክሽን፦ 6 ቀን

ችግሩ የትኛዋን እናት እንደሚያጋጥማት አስቀድሞ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። ቀድሞ በሰላም የወለደች እናትም ልትደማ ትችላለች። ስለዚህ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ድንገተኛ የወሊድ ሕክምና የምታገኝበት መንገድ ሊኖራት ይገባል።

ሜይን ከሰሪን ታዴየስ ጋር በመሆን በርካታ ጥናቶችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ሥራ መዘግየቱን በሦስት ከፈሉት፤ እነርሱም ሕክምና ለመፈለግ በመወሰን፣ ወደ ተቋሙ በመድረስ እና በተቋሙ ውስጥ ተገቢውን ሕክምና በማግኘት ረገድ የሚታዩ መዘግየቶች ናቸው። ሦስቱም እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው። መንገዱ ሩቅ ከሆነ ቤተሰቡ ለመሄድ ያመነታል፤ ተቋሙ በመልካም አገልግሎት ካልታወቀም ቅርብ ሆኖ ሳለ ይታለፋል።

ልዩነቱ የሚታይበት

በአገራችን የእናቶች ሞት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንፃር እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 871 የነበረ ሲሆን፣ በ2016ቱ ጥናት ወደ 412 ወርዷል። ይህ የብዙዎች ልፋት ውጤት ነው። ይሁን እንጂ ወረርሽኙ ከመግባቱ በፊት በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት በከተማ 70 በመቶ፣ በገጠር ግን 40 በመቶ ነበሩ። ወረርሽኝ ሦስቱንም መዘግየቶች ሲያራዝም አስቀድሞ መንገዷ ረጅም የሆነባት እናት የበለጠ ትጎዳለች።

የመጀመሪያው መዘግየት፦ ለመሄድ መወሰን

በጤና ተቋም በሽታው ይይዘኛል ወይም ወደ ለይቶ ማቆያ እወሰዳለሁ የሚል ፍርሃት እናቲቱንና ቤተሰቧን ወደኋላ ይይዛል። ፍርሃቱን በተግሣጽ ማስወገድ አይቻልም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ወራቸው የገባ እናቶችን ስም ዝርዝር ይዘው፣ ርቀታቸውን ጠብቀውና ጭንብል አድርገው ሊጎበኟቸው ይገባል። በውይይቱ ባልና አማት ቢገኙ ውሳኔው ይፈጥናል። የአደጋ ምልክቶች፣ ማለትም የደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ማንቀጥቀጥ፣ ትኩሳትና የሽርት ውኃ ያለ ምጥ መፍሰስ፣ በግልጽ ይነገሩ።

ሁለተኛው መዘግየት፦ መድረስ

የትራንስፖርት ገደብ ሲጣልና የሚጫኑ ሰዎች ቁጥር ሲቀነስ ተሽከርካሪ ማግኘት ያስቸግራል፤ ወጪውም ይከብዳል። አምቡላንሶች በሙሉ ለወረርሽኙ ሥራ ከተመደቡ የምትደማ እናት በቃሬዛ ላይ ትቀራለች። ስለሆነም ወረዳዎች ቢያንስ አንድ አምቡላንስ ለወሊድ አገልግሎት ሊለዩ፣ የአሽከርካሪውን ስልክ ለየቀበሌው ሊያሳውቁ፣ በኬላዎች ላይም ወላድ የያዘ ተሽከርካሪ ያለ ክልከላ እንዲያልፍ ሊያደርጉ ይገባል። የእናቶች ማቆያ ከመዝጋት ይልቅ አልጋዎችን አራርቆና መስኮት ከፍቶ ማስቀጠል ይመረጣል።

ሦስተኛው መዘግየት፦ በተቋሙ ሕክምና ማግኘት

ለእናቲቱ ከሁሉ የሚመረው መዘግየት ደጅ ከደረሱ በኋላ የሚያጋጥመው ነው። የኮቪድ-19 ምርመራ ውጤት እስኪደርስ ድንገተኛ የወሊድ ሕክምናን ማቆየት አይገባም። ባለሙያው ራሱን የሚጠብቅበት ጭንብል፣ ጓንትና ጋዋን በማዋለጃ ክፍሉ አስቀድሞ ሊዘጋጅ ይገባል፤ ባለሙያው ያለ መከላከያ እንዲሠራ ማስገደድም ሌላ መዘግየትን ይወልዳል። በሽታው የተገኘባት እናት በዚሁ ምክንያት ብቻ በቀዶ ሕክምና እንድትወልድ አይደረግም። እጇን ታጥባና ጭንብል አድርጋ ልጇን ማጥባት ትችላለች።

ለውይይት የቀረበ ምናባዊ ምሳሌ

ሁለት ልጆቿን በቤቷ በሰላም የወለደች እናት ሦስተኛዋን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተገላገለች። ደሙ ግን አልቆመም። ባለቤቷ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት ሲል፣ አማቷ በዚያ በሽታ ይዛ ትመጣለች ብለው ተከራከሩ። ለመሄድ የተወሰነው 9 ሰዓት ላይ ነው። አምቡላንሱ ለወረርሽኙ ሥራ ሌላ ቀበሌ ስለነበረ ጎረቤቶች በቃሬዛ ተሸክመዋት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። በሩ ላይ ትኩሳት ስትለካና አዋላጇ ጭንብል ስትፈልግ 20 ደቂቃ አለፈ።

1. በምሳሌው ውስጥ ሦስቱ መዘግየቶች የት የት ታዩ? እያንዳንዱ ስንት ጊዜ ወሰደ?
2. ይህን ጊዜ ሜይን ካስቀመጡት የ2 ሰዓት አማካይ ጋር አነጻጽሩ። ከመዘግየቶቹ የትኛውን ማሳጠር ይቻል ነበር?
3. የአማቲቱ ስጋት ከምን የመነጨ ነው? በእርግዝናዋ ወራት ማን፣ ምን ሊነግራቸው ይችል ነበር?
4. በእናንተ ተቋም ዛሬ ሌሊት ተመሳሳይ እናት ብትመጣ የመጀመሪያው መድኃኒት እስኪሰጣት ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ማጠቃለያ

የወረርሽኝ መከላከል ሥራና የእናቶች አገልግሎት በአንድ ተቋም፣ በአንድ ባለሙያ እጅ ጎን ለጎን የሚሄዱ ኃላፊነቶች ናቸው። እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የኮቪድ-19 ሪፖርቱን ሲያዘጋጅ በወሩ ውስጥ በተቋሙ የወለዱትን እናቶች ቁጥር ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ያነጻጽር። ቁጥሩ ካሽቆለቆለ ያልመጡትን እናቶች በየቤታቸው መፈለግ የዚያው ሳምንት ሥራ ሊሆን ይገባል።