መብራቱ በርቶ የማይጽፍ ኪቦርድ

ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ፤ ከያያ ሴንተር ብዙም የማይርቅ የሐበሻ ምግብ ቤት በረንዳ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ጋሼ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ታይፕ ይጠግኑ ነበር። እዚህ ሰፈርተኛው «ፉንዲ» ይላቸዋል፤ በስዋሂሊ ባለሙያ፣ ጠጋኝ ማለት ነው። ልጁ ላፕቶፑን በጀርባው አዝሎ፣ የጌም ኪቦርዱን በብብቱ ይዞ መጣ።

ልጅ፦ ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ቡናዎን ላቋርጥዎት ነው መሰለኝ። ኪቦርዴ ሞተብኝ።

ጋሼ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ና ተቀመጥ፣ ሰካው እስቲ። ይሄ ነው የሞተው? ቀስተ ደመና መስሎ እያበራ!

ልጅ፦ እኔንም ግራ ያጋባኝ እሱ ነው። መብራቱ ይበራል፣ አንድ ፊደል ግን አይጽፍም።

ጋሼ፦ መብራትና መጻፍ የተለያየ ሥራ ነው። ይሄ ገመድ ከኪቦርዱ ጋር የመጣ ነው?

ልጅ፦ አይደለም፣ የፓወር ባንኬ ነው። ዋናው የተበላሸ መስሎኝ ቀየርኩት። እሱም ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ጋሼ፦ ተራው የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ አራት ሽቦ አለ። ቀዩና ጥቁሩ 5 ቮልት ያመጣሉ፤ አረንጓዴውና ነጩ የተጫንከውን ቁልፍ ለኮምፒውተሩ ያደርሳሉ። ለቻርጅ ብቻ የተሠራው ርካሽ ገመድ ውስጥ እነዚያ ሁለቱ የሉም። ስለዚህ ኪቦርድህ ይበላል እንጂ አያወራም። ዋናውን መልሰህ ሰካ።

ልጅ፦ (ሰክቶ) ጻፈ! ግን ያው ነው፣ ያስቀየረኝ ችግር ይኸውና። ቁልፉን ነካ ሳደርገው ዝም ይላል፤ ተጭኜ ስቆይ ብቻ ይጽፋል።

ጋሼ፦ የላፕቶፑ የራሱ ኪቦርድስ?

ልጅ፦ እሱም እንደዚያው ሆኗል። ቫይረስ ይሆን እያልኩ ነበር።

ጋሼ፦ ታዲያ ሁለት ኪቦርድ በአንድ ቀን በአንድ ዓይነት በሽታ ይታመማል? ያኔ ነበር ኪቦርዱን ትተህ ወደ ኮምፒውተሩ መሄድ የነበረብህ። ነገሩ ሲጀምር ምን እየሠራህ ነበር?

ልጅ፦ ኳስ እየተጫወትኩ። መሮጫውን ቀኝ ሺፍት ላይ ስላደረግኩት ጣቴን አላነሳሁም ነበር። አንድ ሳጥን ብቅ ብሎ ጨዋታውን ሸፈነብኝ፤ ሳላነበው «የስ» አልኩት።

ጋሼ፦ አገኘነው። ዊንዶውስ ላይ ቀኝ ሺፍትን 8 ሰከንድ ከያዝከው «ፊልተር ኪይስ» የሚባለውን ላብራልህ ወይ ብሎ ይጠይቅሃል። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች የተሠራ ነው፤ አጭር ንክኪን እንደ ስህተት ቆጥሮ ያልፈዋል። ጌም ደግሞ ሁለመናው አጭር ንክኪ ነው።

ልጅ፦ ይሄን እንዴት አወቁት?

ጋሼ፦ እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ በእኔ ኮምፒውተር ላይ ሁልጊዜ እንደበራ ነው። ለእኔ ምርቃት፣ ለአንተ እርግማን። ሴቲንግ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ ኪቦርድ ውስጥ ግባና አጥፋው። ሺፍትን በመያዝ የሚበራበትንም አቋራጭ አብረህ አጥፋ፤ አለዚያ ነገ ተመልሰህ ትመጣለህ።

ልጅ፦ ጠፋ። አሁን ይጽፋል፣ ፊደሉ ሁሉ... ኧረ ደብሊው ብቻ አልነሳ አለ።

ጋሼ፦ አማርኛ መጻፊያህ በርቶ እንዳይሆን። ለቤተሰብ መልእክት ጽፎ ሳይመልሰው ጨዋታ የሚገባ ሞልቷል፤ አንዳንድ ጨዋታ ደግሞ የላቲን ፊደል ካላገኘ ንቅንቅ አይልም።

ልጅ፦ አይደለም፣ እንግሊዝኛው ላይ ነው። ደግሞ በኃይል ስደቀው አንዳንዴ ይሠራል።

ጋሼ፦ በኃይል ሲደቃ የሚሠራ ነገር የመገናኛ ችግር አለበት። ምን ደፋህበት?

ልጅ፦ ...ባለፈው ወር ቻይ። ትንሽ ነው፣ ወዲያው ጠርጌዋለሁ።

ጋሼ፦ የኬንያ ቻይ! ወተቱም ስኳሩም አብሮ የፈላ። ውሃው ይደርቃል፣ ስኳሩ ግን የት ይሄዳል? በየቁልፉ ሥር ሁለት ስስ ብረቶች አሉ፤ ስትጫን ይነካካሉ፣ ስትለቅ ይለያያሉ። ስኳሩ በመካከላቸው ገብቶ ተጋግሯል። ወዲያው ነቅለህ፣ ገልብጠህ፣ ቀን ሙሉ ብታደርቀው ኖሮ ጉዳቱ ይቀንስ ነበር። በታይፕ ዘመን ይሄ ሁሉ ምርመራ አልነበረም፤ ክንዱ ተነሥቶ ወረቀቱን ሲመታ በዓይንህ ታየዋለህ፣ ከተያዘም የት ላይ እንደተያዘ ታያለህ። የአማርኛውን ታይፕ ያስጀመሩት ኢንጂነር አያና ብሩ ያን ሁሉ ፊደል በጥቂት ቁልፍ ለማስተናገድ ሲለፉ፣ አንድ ቀን ሰው ፊደል ሳይሆን ኳስ ተጫዋች የሚያስሮጥበት ይሆናል ብለው ያሰቡ አይመስለኝም።

ልጅ፦ ታዲያ ይታጠባል?

ጋሼ፦ በአይሶፕሮፒል አልኮል፣ ከ90 በመቶ በላይ የሆነውን። አረቄ አይሆንም፤ ውሃ አለበት፣ ደግሞም ያሳዝናል። ግን ሌላ መንገድ አለ፤ መጀመሪያ ገመዱን ንቀል። የቁልፉን ክዳን አንሣው። ስዊቹ በመንቀያ የሚወጣ ነው ወይስ የተበየደ?

ልጅ፦ የሚወጣ ነው። መንቀያውም ከኪቦርዱ ጋር የመጣ አለኝ።

ጋሼ፦ እድለኛ ነህ፤ የተበየደ ቢሆን ካውያ ልናሞቅ ነበር። ራስህ ንቀለው፣ የእኔ እጅ ለዚህ አይታመንም። ሁለቱን ጎን ጨብጥና ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ፤ አታወዛውዘው። ጎበዝ። እግሮቹን አየሃቸው? ቀጫጭን ሁለት መዳብ ናቸው። ሲገባ በትክክል ቀዳዳው ላይ ካላረፉ ይታጠፋሉ፤ ከዚያ ሰው አዲሱም አይሠራም ይላል።

ልጅ፦ በቦታው የሚገባ ትርፍ ስዊች ግን የለኝም።

ጋሼ፦ ኪቦርዱ ላይ ስንት ቁልፍ አለ! ከላይ በቀኝ በኩል ስክሮል ሎክ የሚባለውን ንቀልና እዚህ ክተተው። ይህኛውን እዚያ።

ልጅ፦ (አቀያይሮ፣ ገመዱን ሰክቶ) ደብሊው፣ ደብሊው፣ ደብሊው... ጋሼ፣ ሠራ!

ጋሼ፦ ያን የቻርጅ ገመድ ደግሞ ምልክት አሥርበት፣ እንዳያሳስትህ። ስክሮል ሎክህ ከእንግዲህ አይሠራም።

ልጅ፦ ከገዛሁት ጀምሮ ነክቼው አላውቅም።