የሃያ አራት ሰዓት ጀግናና የአርባ ስምንት ሰዓት ሕግ

ትርዒት ያስተምራል። ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ ባይኖረውም፣ ተመልካቹም ለመማር ብሎ ባይቀመጥ፣ ስለ ክፉና ደግ፣ ስለ ፍርድና ጉልበት አንድ ነገር በልቡ ጥሎበት ይሄዳል። ስለዚህ ተማሪ የሆነ ሰው የሚያየውን ትርዒት እንደሚያነበው መጽሐፍ አድርጎ ሊመረምረው ይገባል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው «24» የተባለውን የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ፣ በተለይም ሁለተኛውን ምዕራፍ ነው። ይህን ምዕራፍ የመረጥነው ልብ ስለሚሰቅል ብቻ አይደለም፤ ከራሱ ትምህርት ጋር የሚጣላ ትርዒት ስለ ሆነ ነው። ጥያቄያችንም አንድ ነው፤ ይኸውም አደጋ በመጣ ጊዜ «ሕግ ለጊዜው ይቆየን» ማለት ይቻላልን? የሚል ነው።

1ኛ፤ ድራማው እንዴት እንደ ተሠራ

ጆል ሰርኖውና ሮበርት ኮክራን የፈጠሩት ይህ ድራማ በፎክስ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2010 ድረስ በ8 ምዕራፎች ታይቷል። እያንዳንዱ ምዕራፍ 24 ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱም ክፍል የአንድ ሰዓት ታሪክ ነው፤ ስለዚህ አንድ ምዕራፍ ከአንድ ቀንና ከአንድ ሌሊት አያልፍም። በየመካከሉ የሰዓት ቁጥር ብቅ ይልና ሰከንዱን ይቆጥራል። ዋናው ሰው ጃክ ባወር ይባላል፤ የሚጫወተውም ኪፈር ሰዘርላንድ ነው። ሥራው ሽብርን በሚከላከል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው።

የድራማው ብልሃት ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ቦምብ ሊፈነዳ ነው፤ ቦታውን የሚያውቅ አንድ ሰው ተይዟል፤ ሰውየው አልናገርም ብሏል፤ ሰዓቱ ይቆጥራል። በዚህ ጊዜ «ዳኛ ፊት ይቅረብ»፣ «ጠበቃ ይምጣለት» የሚል ሰው ለተመልካቹ ወይ ሞኝ ወይ የጠላት ወዳጅ ሆኖ ይታየዋል። ጃክ እስረኛውን ሲያሠቃይ የምናጨበጭበው ክፉዎች ስለ ሆንን አይደለም፤ ደራሲው ሌላውን በር ሁሉ አስቀድሞ ስለ ዘጋው ነው። ልብ እንበል። የተያዘው ሰው በእርግጥ ጥፋተኛ መሆኑን ደራሲው ነግሮናል፤ ቦታውን በእርግጥ እንደሚያውቅ ነግሮናል፤ ከተሠቃየ እውነቱን እንደሚያወጣም ወስኖልናል። በምድር ላይ ያለ መርማሪ ግን ይህን ሦስት ነገር አስቀድሞ የሚነግረው ደራሲ የለውም።

2ኛ፤ የሁለተኛው ምዕራፍ ታሪክ

ይህ ምዕራፍ የታየው እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2002 እስከ ሜይ 2003 ነው። ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በሎስ አንጀለስ ከተማ በዚያው ቀን የኑክሌር ቦምብ እንደሚፈነዳ ይታወቃል፤ ወሬውም የተገኘው በሴኡል አንድ ሰው ተሠቃይቶ ነው። ሚስቱ በመጀመሪያው ምዕራፍ ተገድላበት ሥራውን የተወው ጃክ፣ በፕሬዚዳንት ዴቪድ ፓልመር ጥሪ ይመለሳል። በወሮበሎች ዘንድ ለመታመን ሲልም ገና በመጀመሪያው ክፍል በመንግሥት እጅ የነበረን ምስክር ተኩሶ ይገድላል። የሽብሩ መሪ ሰይድ አሊ በተያዘ ጊዜ ደግሞ ልጁ የተገደለ አስመስሎ በስክሪን ያሳየዋል፤ ሰይድ አሊም ቦምቡ ያለበትን የአውሮፕላን ማረፊያ ይናገራል። ቦምቡ ሊከሽፍ ስላልቻለ፣ በጨረር ተመርዞ ሊሞት የተቃረበው አለቃ ጆርጅ ሜሰን በአውሮፕላን ወደ በረሃ ይወስደውና አብሮት ይጠፋል።

ብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ ያለቀ ይመስለዋል። ዋናው ነገር የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። የሦስት የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ባለሥልጣኖች ከሰይድ አሊ ጋር ሲመክሩ የሚያሰማ የድምፅ ቅጂ ይቀርባል፤ የጦር አውሮፕላኖችም ይነሣሉ። ፓልመር «ቅጂው እውነተኛ መሆኑ ይጣራ» ብሎ ጦርነቱን ሲያዘገይ፣ ምክትሉና ሚኒስትሮቹ በሕገ መንግሥታቸው 25ኛ ማሻሻያ መሠረት ድምፅ ሰጥተው ከሥልጣን ያነሡታል። በመጨረሻ ቅጂው የተፈበረከ ሆኖ ይገኛል፤ ያስፈበረኩትም ከጦርነቱ በነዳጅ ሊያተርፉ ያሰቡ ሰዎች ናቸው።

3ኛ፤ ድራማው ራሱን ሲቃወም

ታሪኩን ቀስ ብሎ ለሚያየው ሰው፣ ሰዓቱ የሚያስተምረውንና ታሪኩ የሚያስተምረውን ለይቶ ማወቅ አያዳግተውም። አራት ነጥቦች እናነሣለን።

ሀ/ ከመካከለኛው ምሥራቅ ዘር የሆነው ረዛ በሠርጉ ቀን ይጠረጠራል፤ መርማሪዎችም ያስጨንቁታል። ከሽብርተኞቹ ጋር ያበረችው ግን በባለጠጋ ቤት ያደገችው ነጭ እጮኛው ማሪ ዋርነር ነበረች፤ የገደለችውም እርሷው ናት። ዓይን የመረጠው ጥፋተኛ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

ለ/ ጃክ ራሱ በጠላቶቹ እጅ ወድቆ ልቡ እስኪቆም ድረስ ይሠቃያል፤ ይሁን እንጂ የፈለጉትን አይነግራቸውም። እንግዲህ ጠላት ሲሠቃይ እውነት ይናገራል፣ ወዳጅ ሲሠቃይ ዝም ይላል ማለት ነውን? የሰው ሥጋ አንድ ዐይነት ነው። ይህ የደራሲ ምርጫ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

ሐ/ ሰይድ አሊ ቦምቡ የት እንዳለ ሲናገር ሁሉ አመነው፤ የድምፅ ቅጂው ሐሰት ነው ሲል ግን ባለሥልጣኖቹ አላመኑትም። ያው አፍ ነው የተናገረው። በግድ የወጣ ቃል የሚታመነው ጠያቂው የፈለገውን ሲናገር ብቻ ነው ማለት ነው።

መ/ ፓልመር ራሱ የአንድ የስለላ ሹም እንዲሠቃይ አዝዞ ነበር። ይህም ሥራው በኋላ በሚኒስትሮቹ ፊት ለሥልጣን አይበቃም ለማለት ማስረጃ ሆኖ ቀረበበት። ሕግን ለአንድ ሰዓት ያቆመ ሰው በሌላው ሰዓት ሕግ ሲፈልግ ሊያጣው ይችላል።

በዚህ ሁሉ መካከል ታላቁን ጥፋት ያስቀረው ምንድን ነው? ጣት የሰበረው ሳይሆን «ይጣራ» ያለው ነው። ምዕራፉ ጃክን ጀግና ቢያደርግም፣ አገርን ከሐሰት ጦርነት ያዳነው ማስረጃን የመመርመር ትዕግሥት ነው። ጃክ ራሱም በመጨረሻዎቹ ሰዓቶች የሚሮጠው ማስረጃ ለማምጣት ነው።

4ኛ፤ ከድራማው ውጭ ያለው እውነት

ያ የተፈበረከ ቅጂ በቴሌቪዥን በሚታይበት ወራት፣ በእውነተኛው ዓለምም የሚመሳሰል ነገር ይካሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል በጸጥታው ምክር ቤት ቀርበው፣ ኢራቅ አልቃይዳን የኬሚካልና የባዮሎጂ የጦር መሣሪያ አጠቃቀም አሠልጥናለች ብለው ተናገሩ። የወሬው ምንጭ ኢብን አል-ሼይኽ አል-ሊቢ የተባለ እስረኛ ነበር። ይህ ሰው በ2001 መጨረሻ ተይዞ ለግብፅ ተላልፎ ነበር፤ ቃሉንም የሰጠው እዚያ ነው። በ2004 ግን ከሥቃይ ለማምለጥ የፈጠርኩት ነው ብሎ ቃሉን አነሣ። ጦርነቱ ግን ቀድሞ ተጀምሮ ነበር። ሰውየው ተናግሯል፤ የተናገረውም ጠያቂዎቹ የሚፈልጉትን ነበር፤ የጎደለው እውነት ብቻ ነው። በቴሌቪዥን ጦርነቱ ቀረ፤ በምድር ላይ ግን አልቀረም።

የአሜሪካ ወታደሮች አስተማሪዎችም የድራማውን ጉዳት አይተዋል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2006 የዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ዲን ብርጋዴር ጄኔራል ፓትሪክ ፊኔገን ወደ «24» አዘጋጆች ሄደው፣ ሥቃይ ሁልጊዜ እንደሚሠራ ተደርጎ መታየቱ የዕጩ መኰንኖችን አስተሳሰብ እያበላሸ ነውና ይሻሻል ብለው ጠይቀዋል።

«እውነተኛ ቦምብ ቢመጣስ?» ለሚለው ጥያቄ ደግሞ የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1999 መልስ ሰጥቷል። ቦምብን በሚገባ በሚያውቅ አገር የተቀመጠው ይህ ፍርድ ቤት፣ መርማሪዎች እስረኛን በአካል የማስጨነቅ ሥልጣን የላቸውም አለ። የጨነቀ ነገር ደርሶብኝ ነው የሚል መርማሪ ተከሶ በፍርድ ቤት ያስረዳ እንጂ፣ አስቀድሞ ፈቃድ አይጻፍለትም ማለቱ ነው።

5ኛ፤ የእኛ አገር ሰዓት

ይህ ሁሉ የባሕር ማዶ ወሬ ነው እንዳይባል ነገሩን ወደ አገራችን፣ እንዲያውም ወደ ሉማሜ እናምጣው። በሉማሜ ገበያ ቀን የአንድ ገበሬ በሬ ጠፋ እንበል። የእርሻ ወራት ነው፤ በሬው የቤተ ሰቡ የዓመት እንጀራ ነው። ሌባው ደጀንን ዐልፎ ዓባይ በረሃ ከገባ ነገሩ አበቃ። እዚህም ሰዓት ይቆጥራል። ከበረቱ አጠገብ ታይቷል የተባለ አንድ ወጣት ተያዘ። «ግረፉትና ይናገር» ቢባል ወጣቱ ምን ያደርጋል? የሚያውቅ ከሆነ ይዋሻል፤ የማያውቅ ከሆነም ዱላው እንዲቆም ሲል የአንድ ሰው ስም ይጠራል። ሰዎቹ ወደ ተጠራው ሰው ቤት ሲሮጡ በሬው ዓባይን ይሻገራል። ዱላው ጊዜ አላተረፈም፤ ጊዜ በላ እንጂ።

አባቶቻችን ለእንዲህ ያለው ነገር አውጫጭኝ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው። የአገሩ ሰው በአንድነት ይሰበሰባል፤ ሽማግሌዎች ይጠይቃሉ፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ሕዝቡ ይመላለሳል። ምርመራው በአንድ ኀይለኛ እጅ አለመሆኑ መልካም ጎኑ ነበር። ጉድለትም ነበረው። ስሙ ሳይገለጥ የሚጠቁመው ሰው «ወፍ» ይባል ነበር፤ ወፉ ማን እንደ ሆነ ካልታወቀ ግን ቂመኛም ወፍ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ያው ሕዝብ ከዚህ የጠነከረ ቃል ነበረው፤ «በሕግ አምላክ!» ሲባል የተነሣ ዱላ ይቆማል፤ የሚሮጠውም ይቆማል። ጃክ ባወር ይህን ቃል የሚለው ሰው በአጠገቡ አልነበረም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ይህን ቃል በአንቀጽ ጽፎታል። አንቀጽ 18 ጭካኔና ኢሰብአዊ አያያዝን ይከለክላል። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት ከሚወስደው የመንገድ ጊዜ በስተቀር በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት እንዲቀርብ ያዛል፤ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት እንደሌለው ይደነግጋል። አንቀጽ 93 ደግሞ በአስቸኳይ ጊዜ እንኳ አንቀጽ 18 ሊነካ አይችልም ይላል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለአማራ ክልል እንደ ታወጀው ያለ ዐዋጅ በሚኖርበት ጊዜም ይህ ክልከላ ጸንቶ ይቆያል ማለት ነው።

እንግዲህ ሁለት ሰዓቶች አሉ። የድራማው 24 ሰዓት «ዳኛውን ተወው» ይላል፤ የሕጉ 48 ሰዓት «ወደ ዳኛው አምጣው» ይላል። የሁለተኛው ጥቅም ለጥፋተኛ ማዘን ብቻ አይደለም። ዳኛው የእስረኛውን ገላ ያያል፤ ፖሊሱ ለምን እንደ ያዘው እንዲናገር ይጠየቃል፤ የተያዘው ሰው ሌላ ከሆነም ስሕተቱ በሁለት ቀን ይታወቃል፤ እውነተኛው ጥፋተኛም ሳይርቅ ፍለጋው ይቀናል።

ከዚህ ሰዓት በራቅን ጊዜ የሆነውን ታሪክ መዝግቦታል። የሽብር ሥጋት ተረት አልነበረም፤ ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግብፅ ፕሬዚዳንት በሙባረክ ላይ የግድያ ሙከራ ተደርጓል፤ ሰኔ 16 ቀን 2010 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ በሕዝብ መካከል ቦምብ ተወርውሯል። ነገር ግን በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት ዐዋጅ ቁጥር 652 ፖሊስ ለምርመራ በየጊዜው ቢያንስ 28 ቀን፣ በጠቅላላው እስከ 4 ወር እንዲያገኝ ፈቀደ፤ ምንጩን የማይገልጥ የስለላ ሪፖርትም በማስረጃነት እንዲቀርብ አደረገ። አሮጌው ወፍ በወረቀት ተጽፎ መጣ ማለት ይቻላል። የማዕከላዊ እስር ቤት ስም ከሥቃይ ጋር የተያያዘውም በከንቱ አይደለም። ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በፓርላማ ቀርበው መንግሥት እስረኞችን ያሠቃይ እንደ ነበር አመኑ፤ ዐዋጁም በ2012 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1176 ተተካ። ቤት ይዘጋል፤ ዐዋጅም ይተካል፤ «ለአገር ሲባል ነው» እያለ በዱላ የሚያምን ልብ ግን በየቤታችን ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ሊያድግ ይችላል።

ማጠቃለያ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» የሚል ሕዝብ ልጆች ነን። ከእኛ መካከል ነገ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ፖሊስ፣ ሐኪም የሚሆን አለ። አንድ ሌሊት ስልክ ተደውሎ «ጊዜ የለም» ይባላል። ያን ጊዜ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ይህ ሰው ጥፋተኛ መሆኑን በምን ዐወቃችሁ? የምትፈልጉትን ነገር እንደሚያውቅ በምን ዐወቃችሁ? በዱላ የሚናገረው እውነት እንደሚሆንስ ማን ነገራችሁ? ለነዚህ መልስ የሌለው ሰው የሚቸኩለው ወደ ስሕተት ነው። ድራማውን ማየት አንከለክልም፤ ሰዓቱ ሲቆጥር ግን «በሕግ አምላክ» የሚል አንድ ሰው በልባችን ይኑር።

ለውይይት

1/ በሁለተኛው ምዕራፍ ፓልመር ቢቸኩል ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ከ2003ቱ የኢራቅ ጦርነት ጋር አነጻጽሩ።

2/ የአውጫጭኝን መልካም ጎንና ጉድለት ለይታችሁ አሳዩ። ምስጢራዊ ጠቋሚ ለፍርድ ይበቃልን?

3/ 48 ሰዓት ለመርማሪ ያንሳል የሚሉ አሉ። በሉማሜው የበሬ ምሳሌ መልስ ስጡ።