ከቀለሙ በታች፦ አሮጌ ሻንሲና የወለጋ ዝናብ

በነቀምቴ፣ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ በጋራዥ አጠገብ ስታልፉ በአዲስ ቀለም የሚያብረቀርቅ አሮጌ መኪና አይታችሁ ይሆናል። ከአንድ ሁለት ክረምት በኋላ ያው ቀለም አብጦ ሲላጥ ባለቤቱ ቀለም ሻጩን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀለሙ ያረፈበት ብረት በሚገባ አለመዘጋጀቱ ነው። ምክንያቱን በኬሚስትሪ ዓይን እንመልከት።

ለምሳሌነት የመረጥነው ላንድሮቨርን ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ለገበያ የቀረበው ይህ መኪና የአገራችንን የገጠር መንገዶች ለረጅም ዘመን አገልግሏል። አሜሪካውያን እንደ ፖንቲያክ ጂቲኦ ያሉትን ባለ ኃይለኛ ሞተር የ1960ዎቹ መኪኖች የሚያድሱት በአብዛኛው ለትርዒትና ለትዝታ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን የታደሰው መኪና በማግስቱ ሰውና ጭነት ይዞ ይወጣል። ስለዚህ የሻንሲው ጤንነት የሕይወት ጉዳይ ነው። የድሮው ላንድሮቨር አካል በአብዛኛው የአሉሚኒየም ቅይጥ፣ ሻንሲው ግን ብረት በመሆኑ ያታልላል፤ አካሉ ቀይ ዝገት ሳያሳይ ሻንሲው ከውስጥ ተበልቶ ሊገኝ ይችላል።

ዝገት ብረት፣ ውኃና ኦክስጅን ሲገናኙ የሚፈጠር የትንሽ ባትሪ ውጤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአንዱ ነጥብ የብረት አቶም ሁለት ኤሌክትሮኖችን ለቆ ወደ ውኃው ይገባል፤ በሌላው ነጥብ ኦክስጅንና ውኃ ኤሌክትሮኖቹን ተቀብለው ሃይድሮክሳይድ ይሆናሉ። ከሁለቱ መዋሐድ የሚገኘው ዝገት ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያነሳዋል። በጊምቢ አካባቢ በቢቂላል የሚገኘው የብረት ማዕድንም የብረትና የኦክስጅን ውሕድ ነው፤ እንግዲህ የዛገ ብረት ወደ ማዕድንነቱ እየተመለሰ ነው ማለት ነው።

ወለጋ ለዚህ ምቹ ነው። ነቀምቴ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ቀዩ አፈርም ቀለሙን ያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ስለሆነ ጭቃውና ዝገቱ በዓይን በቀላሉ አይለዩም። ጭቃው ከሻንሲው ላይ ሲለጠፍ እርጥበት ይይዛል፤ አየርም ይከለክላል። ተማሪ "ኦክስጅን ካልደረሰ ዝገት የለም" ብሎ ይገምት ይሆናል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ኦክስጅን የሚያገኘው የጭቃው ዳር ካቶድ፣ ኦክስጅን ያጣው የጭቃው ሥር አኖድ ይሆናል፤ የሚበላውም አኖዱ ነው።

ስለሆነም ሥራው በእጥበት ይጀመራል። የሻንሲው ውስጥ ባዶ በመሆኑ በጭቃ የተደፈኑት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ ይከፈታሉ። ቀጥሎ በመዶሻ ቀስ እያሉ መምታት ነው፤ ጤነኛው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የተበላው ድምፅ ይታፈናል። የነዳጅ ታንከሩ ወርዶ፣ ባትሪው ተፈትቶ፣ የተበላው ተቆርጦ በቦታው ተመጣጣኝ ውፍረት ያለው ላሜራ ይበየዳል። በስቱኮ ደፍኖ ማለፍ ግን ተጓዡን ማታለል ነው፤ ስቱኮ ቅርፅ ያስተካክላል እንጂ ጭነት አይሸከምም።

ቅባት መወገድ ያለበት ከብርጭቆ ወረቀት በፊት ነው፤ አለዚያ ወረቀቱ ቅባቱን ወደ ጭረቶቹ ይቀብረዋል። ለዚህም ሙቅ ውኃና ሳሙና ብዙውን ሥራ ይሠራሉ፤ ቤንዚን እሳት ይጠራል። የአሮጌ ቀለም ብናኝ ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ ከመፈግፈግ ይልቅ እያረጠቡ መፈግፈግ ይሻላል። በጉድጓዶቹ ውስጥ የቀረውን ስስ ዝገት ፎስፎሪክ አሲድ ወደ ብረት ፎስፌት ይለውጠዋል፤ ትርፉ አሲድ ታጥቦ ብረቱ ፈጥኖ መድረቅ አለበት።

የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ራቁቱን ያለ ብረት ቶሎ ይዝጋል። ስለዚህ የተፈገፈገው ብረት በዚያው ቀን የመጀመሪያውን ቅብ ማግኘት ይኖርበታል። የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚፈጠርበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ ሴልሲየስ እንዲበልጥ ይመከራል፤ በክረምት ማለዳ መቀባት የማይመረጠው ለዚህ ነው። ዚንክ የበዛበት ቅብ ከተገኘ ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ኤሌክትሮን እየለቀቀ ይጠብቀዋል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ንጹሕ ብረት ሲነካ ብቻ ነው።

አንዳንዶች ሻንሲውን የተቃጠለ ዘይት ይቀቡታል። ዘይቱ ለጊዜው ውኃ ይገፋል፤ ነገር ግን አፈር ይበክላል፣ የኋላውንም ቀለም አያስይዝም። ቀለም የማይደርስበት የሻንሲው ውስጥ ከቅቡ በኋላ ሰም ባለው ዘይት ቢረጭ፣ ርጭቱም በየዓመቱ ዝናቡ ሳይገባ ቢደገም ይመረጣል።